የመላምት ፍተሻን ደረጃ በደረጃ መለማመድ፦ ለሳይኮሎጂ ስታቲስቲክስ ጀማሪዎች ዝርዝር መመሪያ

ሀዋሳ ውስጥ የሳይኮሎጂ ስታቲስቲክስ የሚወስዱ ተማሪዎችን ሳስጠና በየሴሚስተሩ የሚያጋጥመኝ ስህተት አንድ ዓይነት ነው። ተማሪው ቀመሩን በቃሉ ያውቀዋል፣ ካልኩሌተሩንም አሳምሮ ይጠቀማል፤ ነገር ግን ጥያቄውን አንብቦ እንደጨረሰ በቀጥታ ወደ ስሌት ስለሚገባ፣ ያገኘው ቁጥር ለምን ጥያቄ መልስ እንደሆነ ሳያውቀው ይቀራል። የመላምት ፍተሻ፣ ማለትም ስለ ብዙ ሰዎች የተነሣን ግምት ከጥቂቶቹ በተገኘ መረጃ መመርመር፣ ዋናው ሥራው የሚጠናቀቀው ካልኩሌተሩ ከመነካቱ በፊት ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለውን ቅደም ተከተል አንድም ደረጃ ሳትዘሉ፣ እስክሪብቶና ደብተር ይዛችሁ ተከተሉ። በምሳሌዎቹ ውስጥ ያሉት ቁጥሮች ሁሉ ለልምምድ ያዘጋጀኋቸው ናቸው እንጂ ከተካሄደ ጥናት የተወሰዱ አይደሉም።

ከመጀመራችሁ በፊት የሚዘጋጁ ነገሮች

ሰፊ ደብተር ያዙና ሁለቱን ፊት ለፊት ያሉ ገጾች እንደ አንድ ገጽ ተጠቀሙባቸው። በግራው ገጽ ላይ ቃላት ብቻ ይጻፋሉ፤ ይኸውም ጥያቄው፣ መላምቶቹ፣ የውሳኔው ደንብና መደምደሚያው ነው። በቀኙ ገጽ ላይ ስሌቱ ብቻ ይሠራል። ሁለቱን ማደባለቅ ስህተትን ከሚደብቁ ልማዶች ዋነኛው ስለሆነ ይህን ክፍፍል ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ ጠብቁ።

ስኩዌር ሩት የሚያወጣ ካልኩሌተር፣ የዜድ ሠንጠረዥ፣ የቲ ሠንጠረዥና አንድ የአንድ ብር ሳንቲም ያስፈልጋችኋል። ስልክ ላይ ያለው ካልኩሌተር ለልምምድ ቢበቃም፣ ወደ ፈተና የምትገቡበትን ካልኩሌተር ከአሁኑ ብትለምዱት ይሻላል።

ማስጠንቀቂያ፦ የዜድ ሠንጠረዦች ሁሉ አንድ ዓይነት አይደሉም። ያላችሁ ሠንጠረዥ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ 1.96ን ፈልጉ። ከጎኑ 0.9750 ካገኛችሁ ሠንጠረዡ በደወል ቅርጽ ኩርባው ሥር ከግራ ጫፍ ጀምሮ እስከዚያ ነጥብ ያለውን ስፋት፣ ማለትም ዕድል፣ ይሰጣል። 0.4750 ካገኛችሁ ከመሐል እስከዚያ ነጥብ ያለውን፣ 0.0250 ካገኛችሁ ደግሞ በቀኝ ጫፍ የቀረውን ብቻ ይሰጣል። ውጤቱን በሠንጠረዡ አናት ላይ በእርሳስ ጻፉት። ከጓደኛ በተዋሱት ሠንጠረዥ ሠርተው መልሳቸው ለምን እንደተበላሸ ያልገባቸው ብዙ ተማሪዎች ችግራቸው ይኸው ነበር።

ደረጃ 1፦ በሳንቲም ጀምሩ

ይህን ደረጃ የልጅ ጨዋታ ነው ብላችሁ አትለፉት። የአንድ ብር ሳንቲሙን 20 ጊዜ ወደ ላይ ወርውሩና የአንበሳው ምስል ስንት ጊዜ እንደመጣ ቁጠሩ። ከመወርወራችሁ በፊት ግን በግራው ገጽ ላይ የሚከተለውን ጻፉ፦ «ሳንቲሙ ወደ አንዱ ገጽ አያደላም። አንበሳው 15 ጊዜና ከዚያ በላይ ወይም 5 ጊዜና ከዚያ በታች ከመጣ ግን ይህን ግምት እጥላለሁ።»

እነዚህ ቁጥሮች የተመረጡበት ምክንያት አለ። የማያደላ ሳንቲም 20 ጊዜ ሲወረወር እንዲህ ያለ ወደ አንድ ጫፍ የራቀ ውጤት የመምጣት ዕድሉ 0.041 ገደማ ነው፤ ይህም በተለምዶ ከምንጠቀምበት የ0.05 ወሰን በታች ነው። ወሰኑን ወደ 14 እና 6 ብናቀርበው ኖሮ ዕድሉ ወደ 0.115 ከፍ ይልና ወሰኑን ያልፍ ነበር።

አሁን ክፍላችሁ ውስጥ 40 ተማሪዎች እያንዳንዳቸው 20 ጊዜ ወረወሩ እንበል። ሳንቲሞቹ ሁሉ ምንም እንከን ባይኖርባቸውም ከአርባዎቹ ተማሪዎች አንዱ ወይም ሁለቱ «ሳንቲሜ ያደላል» ወደሚል ውሳኔ መድረሳቸው የሚጠበቅ ነው። የመጀመሪያው ዓይነት ስህተት የሚባለው ይኸው ነው፤ እውነተኛውን ባዶ መላምት፣ ማለትም «ልዩነት የለም» የሚለውን መነሻ ግምት፣ በአጋጣሚ መጣል። የ0.05 ወሰን ስንመርጥ ይህን ያህል ስህተት አውቀን እየተቀበልን መሆኑን እጃችሁ ላይ ባለው ሳንቲም ካያችሁ በኋላ ትርጓሜውን በቃል መሸምደድ አያስፈልጋችሁም።

ደረጃ 2፦ ጥያቄውን አንብቡና የፍተሻውን ዓይነት ለዩ

የመጀመሪያው ልምምድ የሚከተለው ነው። አንድ የትኩረት መለኪያ ፈተና በጠቅላላው የተማሪዎች ሕዝብ ዘንድ አማካዩ 50፣ የሕዝቡ ስታንዳርድ ዲቪዬሽን (ውጤቶቹ ከአማካዩ ምን ያህል እንደሚራራቁ የሚለካው ቁጥር) ደግሞ 10 መሆኑ ይታወቃል። ጠዋት ጠዋት በሀዋሳ ሐይቅ ዳር በእግራቸው የሚንቀሳቀሱ 25 ተማሪዎች ይህን ፈተና ወስደው አማካይ ውጤታቸው 53.8 ሆነ። እንዲህ ያሉ ተማሪዎች አማካይ ውጤት ከ50 ይለያልን?

በጥያቄው ውስጥ ያሉትን ቁጥሮች አንድ በአንድ አስምሩባቸውና ከእያንዳንዳቸው በላይ «የሕዝብ» ወይም «የናሙና» ብላችሁ ጻፉ። ሕዝብ ልናውቀው የምንፈልገው ቡድን በሙሉ ነው፤ ናሙና ደግሞ ከእርሱ የተለኩት ጥቂቶች ናቸው። እዚህ ላይ 50 እና 10 የሕዝብ፣ 25 እና 53.8 የናሙና ናቸው። የፍተሻው ዓይነት የሚወሰነው በዚህ ምልክት ነው።

አንድ ቡድን ብቻ ኖሮ የሕዝቡ ስታንዳርድ ዲቪዬሽን ከታወቀ የዜድ ፍተሻ ይሆናል። አንድ ቡድን ኖሮ ስታንዳርድ ዲቪዬሽኑ ከናሙናው የሚሰላ ከሆነ የቲ ፍተሻ ነው። ያው ሰዎች ሁለት ጊዜ ከተለኩ የጥንድ ቲ ፍተሻ፣ ሁለት የተለያዩ ቡድኖች ከተነጻጸሩ ደግሞ የነጻ ቡድኖች ቲ ፍተሻ ይሆናል። በመጀመሪያው ኮርስ የሚያጋጥሟችሁ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ከእነዚህ ከአራቱ አይወጡም።

ደረጃው ካልተሳካ፦ ስታንዳርድ ዲቪዬሽኑ የማን እንደሆነ ከጥያቄው ካልለያችሁ ቁጥሩ ከየት መጣ ብላችሁ ጠይቁ። «ከተሳታፊዎቹ ውጤት ተሰላ» የሚል መልእክት ካለው የናሙና ነው፤ «መለኪያው በጠቅላላው ሕዝብ ዘንድ እንዲህ ነው» የሚል ከሆነ የሕዝብ ነው።

ደረጃ 3፦ ሁለቱን መላምቶች በሙሉ ዐረፍተ ነገር ጻፉ

በምልክት ከመጻፋችሁ በፊት በአማርኛ ጻፏቸው። ባዶ መላምት፣ በክፍል ውስጥ «ነል ሃይፖተሲስ» የምንለው፣ እንዲህ ይሆናል፦ «ጠዋት በእግራቸው የሚንቀሳቀሱ ተማሪዎች ሕዝብ አማካይ ውጤት 50 ነው።» አማራጭ መላምቱ ደግሞ «የእነዚህ ተማሪዎች ሕዝብ አማካይ ውጤት ከ50 የተለየ ነው» ይላል።

በሁለቱም ዐረፍተ ነገሮች ውስጥ 53.8 የሚባል ቁጥር እንደሌለ ልብ በሉ። መላምት የሚጻፈው ስለ ሕዝቡ ነው። የ25ቱ ተማሪዎች አማካይ 53.8 መሆኑን አስቀድመን ስለምናውቅ እርሱን መፈተሽ ትርጉም የለውም። የናሙናው ቁጥር መላምታችሁ ውስጥ ከገባ ሰርዙትና እንደገና ጻፉ። የእኩልነት ምልክትም ምንጊዜም በባዶው መላምት ውስጥ ይሆናል።

ደረጃ 4፦ የውሳኔውን ደንብ ጻፉና ከሥሩ መስመር አስምሩ

ከሁሉም ደረጃዎች ይበልጥ የምለምናችሁ ለዚህኛው ጥንቃቄ እንድታደርጉ ነው። ሦስት ነገሮችን ወስኑ፦ የአልፋ ደረጃ (የምንቀበለው የመጀመሪያው ዓይነት ስህተት ዕድል)፣ የጫፎቹ ቁጥር (ልዩነቱን በአንድ አቅጣጫ ብቻ ወይስ በሁለቱም እንደምንፈልግ) እና ወሳኙ ዋጋ (የተሰላው ቁጥር ሲያልፈው ባዶውን መላምት የምንጥልበት ወሰን)። በምሳሌያችን አልፋ 0.05 ነው። ጥያቄው «ይለያልን» እንጂ «ይበልጣልን» ስላላለ ፍተሻው ባለ ሁለት ጫፍ ነው። ወሳኙ ዋጋም በግራ −1.96፣ በቀኝ 1.96 ይሆናል። በግራው ገጽ ላይ ጻፉ፦ «የተሰላው ዜድ ከ1.96 ከበለጠ ወይም ከ−1.96 ካነሰ ባዶውን መላምት እጥላለሁ፤ ካልሆነ አልጥልም።» ከዚያም በማስመሪያ ወፍራም መስመር አስምሩ። ከመስመሩ በላይ ያለው ከዚህ በኋላ አይነካም።

አራቱን የዜድ ወሳኝ ዋጋዎች በቃል ያዙ። ለ0.05 ባለ ሁለት ጫፍ 1.96፣ ባለ አንድ ጫፍ 1.645 ነው። ለ0.01 ባለ ሁለት ጫፍ 2.58፣ ባለ አንድ ጫፍ 2.33 ነው።

የመስመሩን ጥቅም ያስተማረችኝ አንዲት ተማሪ ናት። ይህንኑ የሚመስል ጥያቄ ሠርታ 1.90 አገኘች፤ 1.96 ስላልደረሰላት አዘነች። ጥቂት አሰበችና «መምህር፣ ባለ አንድ ጫፍ ባደርገውስ? ያኔ 1.645ን ያልፋል» አለችኝ። ደብተሯን ሳየው «ይለያል» የሚለውን ቃል በላጲስ አጥፍታ «ይበልጣል» ብላ ልትጽፍበት እርሳሷን አዘጋጅታለች። ክፉ ሐሳብ አልነበራትም፤ ውጤት ማግኘት የትምህርቱ ግብ መስሏት ነበር። ነገር ግን ቁጥሩን ካየን በኋላ ደንቡን ከቀየርን፣ ውጤቱ በተቃራኒው አቅጣጫ ቢመጣም ኖሮ እንዲሁ እንቀይረው ነበርና፣ በወረቀት ላይ 0.05 የተባለው የስህተት ዕድል በተግባር ወደ 0.10 ያድጋል። ከዚያ ቀን ወዲህ የማስጠናቸው ተማሪዎች ሁሉ ከመስመሩ በላይ በእስክሪብቶ እንጂ በእርሳስ እንዳይጽፉ አደርጋለሁ።

ባለ አንድ ጫፍ ፍተሻ የሚመረጠው ጥያቄው ራሱ አቅጣጫውን ሲናገርና በተቃራኒው አቅጣጫ የሚመጣ ውጤት ምንም ያህል ትልቅ ቢሆን እንደማትጠቀሙበት አስቀድማችሁ ስትቀበሉ ብቻ ነው። ከተጠራጠራችሁ ባለ ሁለት ጫፍን ምረጡ።

ደረጃ 5፦ አሁን አስሉ

ሀ. መጀመሪያ ስታንዳርድ ኤረሩን፣ ማለትም የናሙና አማካይ በአጋጣሚ ምን ያህል እንደሚዋዥቅ የሚለካውን ቁጥር፣ ለብቻው አስሉና ጻፉት። የሕዝቡ ስታንዳርድ ዲቪዬሽን ለናሙናው ብዛት ስኩዌር ሩት ይካፈላል፦ 10 ÷ √25 = 10 ÷ 5 = 2።

ለ. ቀጥሎ የአማካዮቹን ልዩነት አስሉ፦ 53.8 − 50 = 3.8።

ሐ. በመጨረሻ ልዩነቱን ለስታንዳርድ ኤረሩ አካፍሉ፦ 3.8 ÷ 2 = 1.90።

ሁሉንም በአንድ ጊዜ ካልኩሌተር ላይ ለማስገባት ከፈለጋችሁ ሁለት ቅንፎች የግድ ናቸው፦ (53.8 − 50) ÷ (10 ÷ √25)። ሩቱን እንደ መጽሐፍ አድርገው በሚያሳዩ አዳዲስ ካልኩሌተሮች ላይ 25ን ከጻፋችሁ በኋላ ወደ ቀኝ የሚወስደውን ቀስት ካልተጫናችሁ ቀጥሎ የምትጽፉት ሁሉ ሩቱ ውስጥ ይገባል።

ደረጃው ካልተሳካ፦ የተሳሳተው ቁጥር ራሱ የት እንደሳታችሁ ይናገራል። 28.8 ካገኛችሁ የመጀመሪያውን ቅንፍ ረስታችኋል። 0.076 ካገኛችሁ ሁለተኛውን ቅንፍ ረስታችኋል። 0.38 ካገኛችሁ ናሙናውን ፈጽሞ ሳታስገቡ በስታንዳርድ ዲቪዬሽኑ ብቻ አካፍላችኋል። 9.5 ካገኛችሁ ሩቱን ትታችሁ በ25 አካፍላችኋል። ይህን የመጨረሻውን ስህተት በተለይ ፍሩት፤ ምክንያቱም ትልቅ ቁጥር ስለሆነ ተማሪውን ደስ አሰኝቶ ያለ ምርመራ ያልፋል። ዜድ ከ4 ወይም ከ5 በላይ ሲመጣ ከመደሰታችሁ በፊት ስታንዳርድ ኤረሩን መልሳችሁ እዩ።

ደረጃ 6፦ ወስኑ፣ ከዚያም መደምደሚያውን ጻፉ

የደወል ቅርጽ ያለውን ኩርባ ንደፉ፤ በ−1.96 እና በ1.96 ላይ ቀጥ ያለ መስመር አድርጉና ከእነርሱ ውጭ ያሉትን ሁለት ጫፎች አጥቁሯቸው። 1.90ን በላዩ ላይ አመልክቱ። ነጥቡ ከጠቆረው ክፍል ውጭ ስለሆነ ባዶውን መላምት አንጥልም።

ፒ ቫልዩውን ለማግኘት ከ1.90 በስተቀኝ ያለውን ስፋት ከሠንጠረዡ ፈልጉ፤ 0.0287 ነው። ፍተሻው ባለ ሁለት ጫፍ ስለሆነ በ2 አባዙት፤ 0.0574 ይሆናል። ከ0.05 ስለሚበልጥ ውሳኔው ከላይኛው ጋር አንድ ነው። ሁለቱ መንገዶች የተለያየ ውሳኔ ከሰጧችሁ አብዛኛውን ጊዜ በ2 ማባዛቱን ረስታችኋል ማለት ነው።

መደምደሚያው በዚህ መልክ ይጻፋል፦ «ጠዋት በእግራቸው የሚንቀሳቀሱ ተማሪዎች አማካይ የትኩረት ውጤት ከ50 የተለየ ነው ለማለት በቂ ማስረጃ አልተገኘም፤ ዜድ 1.90፣ ፒ 0.057።»

ሦስት ዐረፍተ ነገሮችን ግን አትጻፉ። «ባዶው መላምት እውነት መሆኑ ተረጋገጠ» አትበሉ፤ ማስረጃ ማጣት የሌለ መሆኑን አያረጋግጥም። በምሳሌያችን እውነተኛው የሕዝብ ልዩነት 4 ነጥብ ቢሆን እንኳ፣ 25 ሰው ባለው ናሙና ልዩነቱን የመያዝ ዕድላችን 0.52 ገደማ ብቻ ነው፤ ማለትም ግማሽ ለግማሽ በሚባል ሁኔታ ያመልጠናል። ይህን ዕድል ወደ 0.80 ለማድረስ 49 ሰዎች ያስፈልጋሉ። የሁለተኛው ዓይነት ስህተት፣ ማለትም ያለን ልዩነት ሳያዩ ማለፍ፣ የሚመጣው ከዚህ ነው። «ባዶው መላምት እውነት የመሆን ዕድሉ 5.7 በመቶ ነው» አትበሉ፤ ፒ ቫልዩ የሚነግረን ባዶው መላምት እውነት ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ወይም ከዚህ የራቀ ውጤት የመምጣት ዕድሉን ነው። «የጠዋት እርምጃ ትኩረትን ይጨምራል» ወይም «አይጨምርም»ም አትበሉ። ተማሪዎቹ ወደ ሐይቁ ዳር የሄዱት በራሳቸው ምርጫ እንጂ በዕጣ ተመድበው ስላልሆነ፣ ዜድ 5 ቢመጣ እንኳ ምክንያቱ እርምጃው ይሁን፣ በጊዜ የሚተኛ ሰው ጠባይ ይሁን መለየት አይቻልም።

ደረጃ 7፦ የቲ ፍተሻን በዘጠኝ ቁጥሮች ተለማመዱ

ሁለተኛው ልምምድ፦ ዶርም የሚኖሩ 9 ተማሪዎች ባለፈው ሌሊት የተኙት ሰዓት 7፣ 6፣ 8፣ 5፣ 7፣ 6፣ 9፣ 7፣ 8 ነው። የዶርም ተማሪዎች አማካይ እንቅልፍ ከ8 ሰዓት ይለያልን? አልፋ 0.05 ይሁን።

የሕዝቡ ስታንዳርድ ዲቪዬሽን አልተሰጠም፤ ስለዚህ የቲ ፍተሻ ነው። ዲግሪ ኦፍ ፍሪደሙ (ከናሙናው ብዛት አንድ ተቀንሶ የሚገኘው፣ የሠንጠረዡን ረድፍ የሚመርጥልን ቁጥር) 9 − 1 = 8 ነው። በቲ ሠንጠረዥ ላይ የ8ን ረድፍ ያዙና ባለ ሁለት ጫፍ 0.05 ወደሚለው ዓምድ ሂዱ፤ 2.306 ታገኛላችሁ። 2.262 ካገኛችሁ የ9ን ረድፍ አንብባችኋል፤ 1.860 ካገኛችሁ ባለ አንድ ጫፉን ዓምድ ወስዳችኋል። መላምቶቹንና ደንቡን ጽፋችሁ መስመሩን ካሰመራችሁ በኋላ ብቻ ወደ ስሌቱ ግቡ።

ሀ. ድምሩ 63፣ አማካዩ 63 ÷ 9 = 7 ነው።

ለ. ከእያንዳንዱ ቁጥር ላይ 7 ቀንሱ፦ 0፣ −1፣ 1፣ −2፣ 0፣ −1፣ 2፣ 0፣ 1። እነዚህን ደምሯቸው፤ ድምራቸው ዜሮ መሆን አለበት። ካልሆነ አማካዩ ተሳስቷልና አትቀጥሉ።

ሐ. እያንዳንዱን በራሱ አባዙና ደምሩ፦ 0 + 1 + 1 + 4 + 0 + 1 + 4 + 0 + 1 = 12።

መ. 12ን ለዲግሪ ኦፍ ፍሪደሙ፣ ለ8፣ አካፍሉ፤ ቫሪያንሱ 1.5 ነው። ስኩዌር ሩቱ 1.2247 የናሙናው ስታንዳርድ ዲቪዬሽን ነው።

ሠ. ስታንዳርድ ኤረር፦ 1.2247 ÷ √9 = 0.4082።

ረ. ቲ፦ (7 − 8) ÷ 0.4082 = −2.45።

−2.45 ከ−2.306 በታች ስለሆነ ባዶውን መላምት እንጥላለን። የአሉታዊ ምልክቱ ያደናገራቸው ተማሪዎች «−2.45 ከ2.306 ያንሳል፣ ስለዚህ አልጥልም» ሲሉ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። በባለ ሁለት ጫፍ ፍተሻ የግራው ጫፍም ጫፍ ነው፤ ኩርባውን ነድፋችሁ ነጥቡን ካስቀመጣችሁ ይህ ስህተት አይደርስባችሁም።

ደረጃው ካልተሳካ፦ −2.00 ካገኛችሁ ቫሪያንሱን ሩት ሳታወጡለት እንደ ስታንዳርድ ዲቪዬሽን ተጠቅማችኋል። ይህ ስህተት ውሳኔውን ጭምር ስለሚገለብጠው ከባድ ነው። −2.60 ካገኛችሁ በመ ላይ ለ8 ሳይሆን ለ9 አካፍላችኋል። −2.31 ካገኛችሁ በሠ ላይ በ9 ፈንታ የ8ን ሩት ወስዳችኋል። −2.50 ካገኛችሁ ስታንዳርድ ዲቪዬሽኑን ገና በመሐል ወደ 1.2 አጠጋግታችኋል። እስከ መጨረሻው አራት አኃዝ ያዙና ሁለት አኃዝ ብቻ የምታስቀሩት በመልሱ ላይ ይሁን።

ደረጃ 8፦ ውጤቱን በሌላ መንገድ አረጋግጡ

የ95 በመቶውን የመተማመኛ ወሰን (የሕዝቡ አማካይ ይገኝበታል ብለን የምንገምተውን ክልል) አስሉ። 2.306 × 0.4082 = 0.94 ነው፤ ከ7 ላይ ቀንሱና ጨምሩ፤ ከ6.06 እስከ 7.94 ይሆናል። 8 በዚህ ወሰን ውስጥ የለም፤ ባዶውን መላምት መጣላችን ከዚህ ጋር ይስማማል። በመጀመሪያው ልምምድ ወሰኑ ከ49.88 እስከ 57.72 ነው፤ 50 በውስጡ ስላለ አልጣልንም። በባለ ሁለት ጫፍ ፍተሻ በአንድ ዓይነት አልፋ ሁለቱ መንገዶች ሊጋጩ አይችሉም፤ ከተጋጩ ስሌታችሁን እንደገና እዩ።

ከዚያም የልዩነቱን መጠን በኮሄን ዲ፣ ማለትም ልዩነቱን ለስታንዳርድ ዲቪዬሽኑ በማካፈል፣ ግለጹ፦ 1 ÷ 1.2247 = 0.82። በተለመደው መለኪያ 0.2 ትንሽ፣ 0.5 መካከለኛ፣ 0.8 ትልቅ ይባላል። ፒ ቫልዩ የናሙናው ብዛት ሲጨምር እያነሰ ስለሚሄድ የልዩነቱን ትልቅነት አይነግርም፤ ስለዚህ ሁለቱን አብራችሁ ጻፉ። ሙሉው መደምደሚያ፣ ፒ ቫልዩው በሶፍትዌር ተሰልቶ፣ እንዲህ ይነበባል፦ «የዶርም ተማሪዎች አማካይ እንቅልፍ 7 ሰዓት ሲሆን ከ8 ሰዓት በታች ሆኖ ተገኝቷል፤ ቲ በ8 ዲግሪ ኦፍ ፍሪደም −2.45፣ ፒ 0.040፣ ዲ 0.82።»

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጠይቁ፦ ዘጠኙ ተማሪዎች እነማን ናቸው? ሁሉም የአንድ ክፍል ልጆች ከሆኑ አንዱ መብራት አብርቶ ሲያጠና ሌሎቹም አይተኙም፤ ዘጠኝ ቁጥር ቢኖረንም ዘጠኝ ነጻ መረጃ የለንም። ቀመሩ ይህን አያውቅም፣ አያስጠነቅቅምም። የራሳችሁን መረጃ ስትሰበስቡ ከተለያዩ ሕንጻዎችና ክፍሎች በዕጣ ምረጡ እንጂ አጠገባችሁ ያሉትን ጓደኞች ብቻ አትጠይቁ።

ደረጃ 9፦ የጥንድ ፍተሻውን ራሳችሁ ሥሩ

6 ተማሪዎች የቃላት ዝርዝር አጥንተው የሚያስታውሱትን ጻፉ፤ አንድ ጊዜ ጸጥታ ባለበት ክፍል፣ አንድ ጊዜ የባጃጅ ድምፅ በማይቋረጥበት መንገድ ዳር። በጸጥታ 14፣ 12፣ 15፣ 11፣ 13፣ 13 ቃላት አስታወሱ። በጫጫታ ደግሞ በዚያው ቅደም ተከተል 11፣ 11፣ 12፣ 11፣ 10፣ 11 አስታወሱ። ከተማሪዎቹ ግማሾቹ በጫጫታው ስለጀመሩ ልምምድ ያመጣው መሻሻል ወደ አንዱ ወገን አላጋደለም።

መጀመሪያ የእያንዳንዱን ተማሪ ልዩነት አውጡ፤ ከዚያ በኋላ ስድስቱን ልዩነቶች ብቻ ይዛችሁ ደረጃ 7ን ድገሙ። የምታነጻጽሩት ከ0 ጋር ነው። ወሳኙ ዋጋ በባለ ሁለት ጫፍ 0.05፣ በ5 ዲግሪ ኦፍ ፍሪደም 2.571 ነው። ትክክለኛው መልስ ቲ 3.87 ነው። 3.16 ካገኛችሁ ስድስቱን ተማሪዎች እንደ አሥራ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ቆጥራችሁ የነጻ ቡድኖች ፍተሻ ሠርታችኋል፤ ወደ ደረጃ 2 ተመለሱ።

በኤስፒኤስኤስ (የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር) ስትሠሩ

በሶፍትዌር የምትሠሩ ከሆነ ከደረጃ 2 እስከ 4 ያሉት አሁንም በእጅ ይጻፋሉ። ሶፍትዌሩ የሚያወጣው ፒ ቫልዩ ባለ ሁለት ጫፍ መሆን አለመሆኑን ከዓምዱ ርዕስ አረጋግጡ። 0.000 ብሎ ካሳያችሁ ዕድሉ ዜሮ ነው ማለት አይደለም፤ ከሦስት አኃዝ በላይ ስላላሳየ ብቻ ነውና «ፒ ከ0.001 ያነሰ» ብላችሁ ጻፉ።

መልሳችሁ ከመልስ መስጫው ጋር ካልተስማማ

ሁሉንም ሰርዛችሁ ከመጀመሪያ አትጀምሩ። በዚህ ቅደም ተከተል ፈትሹ፦ በመጀመሪያ የጫፎቹን ቁጥር፤ ቀጥሎ ስታንዳርድ ዲቪዬሽኑ የሕዝብ ወይም የናሙና መሆኑን፤ ከዚያ ስታንዳርድ ኤረሩን፤ ከዚያ የሠንጠረዡን ረድፍና ዓምድ፤ በመጨረሻ ማጠጋጋቱን። የልዩነቱ ምልክት ብቻ ከሆነ የተለየው፣ መልስ መስጫው አማካዮቹን በተቃራኒ ቅደም ተከተል ቀንሷል ማለት ነውና በባለ ሁለት ጫፍ ፍተሻ ውሳኔው አይለወጥም። ስህተቱን ስታገኙ በቀኙ ገጽ ግርጌ ላይ በአንድ መስመር መዝግቡት። ከአሥር ጥያቄዎች በኋላ እነዚያን መስመሮች በተከታታይ አንብቧቸው፤ ሦስትና አራት ጊዜ የተደጋገመው ስህተት በፈተና ቀን መጀመሪያ የምትፈትሹት ይሁን።